የሲሳይ እጅ

ባለፈው ሰሞን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ካለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥቼ፣ ቤዝ ጊታር ታቅፌ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስመታ ቆየሁና አንድም ጎረቤት ሳይሰማኝ ተመልሼ ወረድኩ። ይህን ለእኔ ዘመን ሰው ብትነግሩት ወይ ቀልደኛ ወይ ጤና ያጣ ነው የሚላችሁ። በእኛ ጊዜ ቤዝ ከተመታ ግድግዳ ይሰማዋል፣ የብርጭቆ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል፣ አከራይ በዱላ በር ይደበድባል። አሁን ግን ሽቦው ከጊታሩ ወጥቶ መዳፍ የምታህል ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ከሣጥኗ ላፕቶፕ ውስጥ ይገባል፣ ከላፕቶፑ ጆሮዬ ላይ በተደፋው ሄድፎን ይወጣል፤ አለቀ። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው ጣቴ ክሩን ሲነካ ቲክ ቲክ የሚለውን ብቻ ነው፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት። አምፕሊፋየር የለም፣ ስፒከር የለም። አምፑ ስክሪኑ ላይ ያለ ሥዕል ነው። ቁልፎቹም ሥዕል ናቸው፤ ሲያዞሯቸው ግን ይዞራሉ፣ ድምፁም ይለወጣል። ሶፍትዌር ነው ተባልኩ። እኔ እንኳን በልቤ ሌላ ስም አውጥቼለት ነበር፤ በስመ አብ ብዬ ተውኩት።

ሶፍትዌር ነው ያለችኝ ልጅ ምህረት ትባላለች። ልጅ ስላት ሠላሳ አምስት ሳይሞላት አይቀርም፤ በእኔ ዕድሜ ሁሉም ልጅ ነው። ቤተሰቦቿ ከሆሳዕና የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ ቤዝ የለመደችው ቸርች ውስጥ ነው፤ እጇ ንጹሕ ነው። ሙገሳ እንዳይመስላችሁ፣ ትንሽ ቆሸሽ ቢል እወድላት ነበር። መኝታ ቤቷን በስፖንጅ ለብጣ ስቱዲዮ አድርጋዋለች። አንድ ቀን ለቡ መብራት ኃይል ያለው ቤቴ ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ መኮንን፣ እርስዎን ስፈልግ ስንት ቀኔ!» አለችኝ። በእኛ ጊዜ ስሙ የገነነ አንድ ዘፋኝ በቅርቡ ዐርፏል፤ ልጆቹ የአባታቸውን አንድ ዘፈን እንደ አዲስ አሠርተው ሊያወጡት ፈለጉ። የዘፈኑን ስም አልጠራውም፤ ብጠራው ሁላችሁም ማንጎራጎር ትጀምራላችሁ፣ እኔ ደግሞ ዛሬ ያንን አልችልም። መጀመሪያ የተቀዳበት ዋናው የቴፕ ክር ጠፍቷል፤ የቀረው ያረጀ ካሴት ነው። የዘፋኙን ድምፅ ከካሴቱ በኮምፒውተር ለይተው አውጥተውታል፤ ቤዙ ግን ደብዝዟል። «ዋናው ቤዝ መቺ በሕይወት እያለ ለምን ሌላ ሰው ይመታዋል?» ተባለ። የካሴቱ ሽፋን ላይ «ቤዝ ጊታር፦ መኮንን» ይላል። መኮንን እኔ ነኝ። ቤዙን የመታሁት ግን እኔ አይደለሁም። ይህን ለአንድ ሰው እንኳን ሳልተነፍስ ፀጉሬ ነጭ ሆነ፤ ያን ቀንም ሳልተነፍስ እሺ፣ እመጣለሁ አልኳት።

የመታው ሲሳይ ነው። ሲሳይና እኔ ንፋስ ስልክ ከነበሩት ፋብሪካዎች በአንዱ አብረን እንሠራ ነበር፤ ቀን ማሽን፣ ከሥራ በኋላ የፋብሪካው ኪነት ቡድን። እሱ ዋናው ቤዝ፣ እኔ ተጠባባቂ። አይ ጊዜ! ውይይት ታክሲ ስሙኒ ነበር፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳሪስ እስኪደርስ ድረስ የማያውቀውን ሰው ገመና ሁሉ ሰምቶ ይወርዳል። ቤል ቦተም ሱሪያችን መንገዱን ይጠርጋል፤ የሸሚዛችን ኮሌታ ትከሻ ላይ ይደርሳል፤ አፍሯችን ላይ ሚዶ እንሰካለን፣ ሚዶውም እንዲታይ ነው። መካኒሳ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ማሳ ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ስለሚያወልቅ ታኮ ጫማችንን በጋዜጣ ጠቅልለን፣ ባዶ እግራችንን ተሻግረን፣ አስፋልት ስንደርስ እግራችንን በሣር ጠርገን እንጫማለን። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የመኪና ማጠቢያና አንድ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ አለ። እኔ ግን ሳልፍ የሚታየኝ ጫማውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ የሚሄደው ሲሳይ ነው። አልፎ አልፎ አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው የሚታየኝ። ስለዚህ በዚያ ማለፍ ካቆምኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ መካኒሳ ጉዳይ ሲኖረኝ ዞሬ ነው የምሄደው።

የሲሳይ ቤት እዚያው አቦ አጠገብ ነው፤ እናቱ እማማ በላይነሽ፣ ታላቅ እህቱ እትዬ አስቴር፣ እሱ፣ ሦስት ሆነው ይኖሩ ነበር። ቤት ውስጥ አምፕ የለም። ማን ነበረውና! ጊታሩንም ቢሆን ለቅዳሜና እሁድ ከኪነቱ ተውሶ ነው። ታዲያ ምን ያደርጋል መሰላችሁ፣ ወንበሩን ወደ ቁም ሳጥኑ ያስጠጋና የጊታሩን ጭንቅላት እንጨቱ ላይ ተጭኖ ይመታል። ቁም ሳጥኑ ድምፁን ተቀብሎ ያጉረመርማል። ልብሱ ሲበዛበት ያፍናል፣ ስለዚህ ሲሳይ ልምምድ ሲያምረው የእናቱን ቀሚስና ነጠላ ሁሉ አውጥቶ አልጋ ላይ ይከምራል። እማማ በላይነሽ ከጓዳ፣ «ቁም ሳጥኔን ዘፈን አስተማርከው እኮ! ነገ እሱም ኪነት ይግባና ልብሴን የት ላድርግ?» ይሉታል። ግድግዳው ጭቃ፣ ወዲያ ማዶ መኝታቸው፤ ልጃቸው የሚመታውን በየሳምንቱ በጀርባቸው እየሰሙ ነው ያደሩት። የሲሳይ እጅ ደግሞ የማንንም አይመስልም። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘገያል። አለፈው፣ ረሳው፣ ረፈደበት ስትሉ ከች ይላል። እኔ ይህን ለመማር ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ጣቶቼ ቦታውን ያውቁታል፣ መዘግየቱን ግን ዛሬም እየቆጠርኩ ነው የምዘገየው። እሱ ቆጥሮ አያውቅም።

ዘፈኑ የተቀዳው በአንድ ሙዚቃ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የዚያን ጊዜ ቀረፃ እንደ አሁኑ ሁሉም በየተራው እየመጣ አይደለም፤ ዘጠኝ ሰው በአንዴ ይጫወታል፣ አንዱ ከተሳሳተ ዘጠኙም ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ የተሳሳተው ደግሞ ምሳ ይጋብዛል። ችግሩ የቤዙ አምፕ ነበር። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ከሻይ ሣጥን ጣውላ የገጣጠመው ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከተቀመጠ የሁሉንም ማይክ እየሞላ ዘፋኙን ይውጠዋል። ስለዚህ ዕቃ ቤት አስገብተው ፍራሽ አስደገፉት። ሽቦው ደግሞ አጭር ነው፣ ሁለት ክንድ ቢሆን ነው፤ ሲሳይም ከአምፑ ጋር ዕቃ ቤት ገባ። እንግዲህ ዘፋኙን አያይም፣ ከበሮ መቺውን አያይም። በሩን ገርበብ አድርገው እኔን በሩ ላይ አቆሙኝ። ዘፋኙ እጁን ሲያነሳ እኔ ለሲሳይ እጄን አነሳለታለሁ፤ ወደ አዝማቹ ሲመለሱ ሁለት ጣት አሳየዋለሁ፤ ሲያበቁ ጭብጥ። በአንድ ጆሮዬ በፍራሹ የታፈነውን ቤዝ፣ በሌላው ከበሮውን እየሰማሁ አስራ አራት ጊዜ ያህል ተቀዳ። በዚያ ዘፈን ውስጥ የእኔ ድርሻ ያ ነው፤ ሁለት ጣት።

ምህረት ቤት የገባሁ ቀን መጀመሪያ ያሳየችኝ ያንን የተሣለ አምፕ ነው። «አሁን ክፍል እንመርጣለን ጋሼ» አለች። «ምን ዓይነት ክፍል?» «የፈለጉትን። ትልቅ አዳራሽ አለ፣ ትንሽ ክፍል አለ፣ ግድግዳው እንጨት የሆነ አለ። ማይኩንም የፈለግንበት እናስቀምጠዋለን።» በጣቷ ስታዞረው ስክሪኑ ላይ ባዶ ክፍል ታየ፤ መሐል ላይ አምፑ፣ ፊቱ አንዲት ማይክ። የሌለ ክፍል ነው፤ ግን በሄድፎኑ ስሰማው ግድግዳዎቹ የት የት እንዳሉ ጆሮዬ ያውቀዋል። መታሁ። «ጥሩ ነው?» አለችኝ። «ገና ነው። ማይኩን ወደ ኋላ ሳቢው።» ሳበችው። «ገና።» ሳበችው። «አምፑ ላይ ፍራሽ ነገር ማድረግ ይቻላል?» ሳቀችና አንድ ቁልፍ ቀነሰች፤ ድምፁ ታፈነ። ያ የዕቃ ቤቱ ድምፅ እየመጣ ነበር። ልክ እዚያ ላይ መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ዝም አለ። በእኛ ጊዜ መብራት ከጠፋ ቤዝ ይሞታል፤ ከበሮው ብቻውን ትንሽ ይሄድና እሱም ያፍራል። ይኼኛው አልሞተም። ላፕቶፑ በባትሪው፣ የሌለው አምፕ በሌለው ክፍል ውስጥ፣ እየመታሁ ጆሮዬ ውስጥ ቀጠለ። ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም።

«ከበሮውን ጨምሪልኝ፣ በግራ በኩል፣ ከሩቅ» አልኳት። ጨመረች። «አሁን ማይኩን ወደ በሩ።» 

«የቱ በር ጋሼ?» 

«በሩ ነዋ! እዚያ ጋ።» ስክሪኑ ላይ በር የለም። እኔ ግን ጣቴን ዘርግቼ አሳየኋት፣ ባዶው ጥግ ላይ። ማይኩን እዚያ ወሰደችው፤ አንዴም ሳልሳሳት እስከ መጨረሻው መታሁት። ስጨርስ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ጠረግኩት። ምህረት ሄድፎኗን አውልቃ ታየኛለች። 

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት? አይቆጡኝም?» 

«ጠይቂ።» 

«እኔ ቸርች ስመታ አምፔ ሥር ነው የምቆመው። ጆሮዬን የሚሞላው እሱ ነው፤ ከበሮውን በግድ ነው የምሰማው። የሚመታ ሰው እንዲህ ታፍኖ፣ ከሩቅ አይሰማውም። እርስዎ ሲያስተካክሉኝ የቆዩት በር ላይ የቆመ ሰው የሚሰማውን ነው።» 

«እሺ፣ እና?» 

«እና እርስዎ በር ላይ ከነበሩ… ውስጥ ማን ነበር?»

ተቆጣሁ። ጥፋተኛ ሰው ለቁጣ ፈጣን ነው። «አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይህን ዘፈን የመታሁት! ሽፋኑ ላይ ስሜን አንብበሽ አይደለም የመጣሽው? አሁን ደግሞ መርማሪ ሆንሽ?» አልኳት። ጊታሩን አስቀምጬ ኮቴን ፈለግኩ። ኮቴን የሰቀልኩት ከኋላዬ ነው፤ እኔ ፊት ለፊት እፈልጋለሁ። ልጅቷ ተነስታ ኮቴን አመጣችልኝ፤ ትልቅ ሰው እንደሚያለብሱት ከኋላዬ ሆና እጅጌውን ያዘችልኝ። ብትከራከረኝ ኖሮ እወጣ ነበር። አንድ እጄን እጅጌው ውስጥ እንዳስገባሁ ቁጭ አልኩና ነገርኳት። በዚያ ሁሉ ዘመን የመጀመሪያዋ እሷ ናት። 

ዘፈኑ በተቀዳ በሳምንቱ ሲሳይን ከፋብሪካው በር ላይ ወሰዱት። ማን ወሰደው፣ ለምን ወሰደው አትበሉኝ። የዚያን ጊዜ «ተወሰደ» ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ የሚጠይቅ ሰው ተከታዩ ነው። ካሴቱ ሊወጣ ሲል ባለ ሙዚቃ ቤቱ ጠራኝና፣ «የተወሰደ ሰው ስም ሽፋን ላይ አይወጣም። ያንተን አድርገነዋል» አለኝ። እሺ አልኩ። ፈርቼ ነው። እዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሰው ይረዳልኛል፣ እግዜርም ሳይረዳልኝ አይቀርም። ካሴቱ ወጣ፤ ሥጋ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ውይይት ታክሲው፣ ሁሉም ያንን ዘፈን ሆነ። ሲሳይ ከጠፋ አምስት ወር ገደማ ሆኖት ነበር።

የአቦ ዕለት፣ ወሩ በገባ በአምስት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሰው ከቅዳሴ እየወጣ ነው። እማማ በላይነሽ ከሩቅ አዩኝና ነጠላቸው እየተጎተተ መጡ። ሁለቱንም እጆቼን ያዙኝ። «መኮንን! ሲሳይ አለ! ሲሳይ በሕይወት አለ!» አሉኝ። «ማን ነገርዎት?» «ማንም አልነገረኝም! ሱቁ ጋ ሬዲዮ ላይ ሰማሁት። አዲስ ዘፈን ነው፤ እሱ ነው የሚመታው። የልጄ እጅ አይደል እንዴ፣ ይጠፋኛል? የሆነ ቦታ ሆኖ እየሠራ ነው። የት ነው ያለው? ንገረኝ እንጂ ልጄ!» ሰው ቆመ። ጎረቤቱ፣ የእድሩ ሰው፣ ከእነሱም ኋላ የማላውቃቸው ሁለት ወንዶች። ያኔ የማታውቁት ሰው ሁሉ ጆሮ ጠቢ ነው። ልነግራቸው እችል ነበር፤ «ከመወሰዱ በፊት የተቀዳ ነው፣ እጁ ግን የእሱ ነው» ማለት እችል ነበር፣ በጆሯቸው እንኳን። እኔ ግን፣ «ተሳስተዋል እማማ። የመታሁት እኔ ነኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ። እጆቼን አልለቀቁም። ጣቶቼን አገላብጠው አዩዋቸው። «አንተ እንዲህ አትመታም» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ነኝ እማማ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ለቀቁኝ።

በሳምንቱ እርማቸውን አወጡ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፤ ድንኳን ተተከለና ለቅሶ ተቀመጡ። እኔም ሄጄ ተቀመጥኩ! ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ጋር ካርታ ተጫወትኩ፣ ንፍሮ በላሁ። ከዚያ በኋላ ጊዜው ተለወጠ፣ የሚፈራው ሁሉ ሄደ፤ ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። በየባንዱ የሚቀጥሩኝ «የዚያ ዘፈን ቤዝ» ብለው ነው፤ መድረክ ላይ ስሜ ሲጠራ ሰው የሚያጨበጭበው ለዚያ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት በሲሳይ እጅ ነው ማለት ይቻላል። እማማ በላይነሽ ሲሞቱ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ። በቀኝ በኩል።

ምህረት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፤ ጥቅስ ትጠቅስልኛለች ብዬም ፈርቼ ነበር። ሁለቱንም አላደረገችም። ሄድፎኑን መልሳ ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝና ቅድም የቀዳሁትን ከፈተች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ማይክ ይዛ ከዚያ ከሌለው በር ላይ ቀስ እያለች ወደ ውስጥ አስገባቻት፤ ፍራሹን አነሳች፣ ከበሮውን አራቀች፣ ማይኩን አምፑ ሥር፣ መቺው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አቆመችው። «እሱ የሰማው ይሄን ነው» አለችኝ። ወይ ጉድ! በዚያ ሁሉ ዘመን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ድምፁ ከበበኝ፤ ክሩ ሲላቀቅ፣ ጣት ሲንሸራተት፣ እንጨቱ ሲነዝር። ብቻዬን ነኝ፣ ዘፋኙ አይታየኝም፣ ሰው የለም፤ በገርበብታው በኩል አንድ ሰው እጁን እስኪያነሳልኝ እጠብቃለሁ። ያ ሰው ጓደኛዬ ነው፣ አምኜዋለሁ። ሄድፎኑን መንጭቄ አወለቅኩት። ቀን ነው፣ ከታች ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ምህረት ውሃ ይዛ ቆማለች፤ እኔ ግን አንድ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ የነበረ መስሎኝ ዞሬ አየሁ።

«ስሙን ከነአባቱ ይንገሩኝ፣ እሱን ነው የምጽፈው» አለች። «ካልሆነ እኔ ይህን ሥራ አልሠራም ጋሼ።» «ቆይ» አልኳት። «መጀመሪያ የምጠይቃት ሰው አለች።» ካሴቱ ላይ ያለውን የሲሳይን ቤዝ በተቻላት መጠን አጉልታ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ፤ ሄድፎኗንም አዋሰችኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መካኒሳ አቦ ሄድኩ። በዚያው በመኪና ማጠቢያው በኩል፣ ሳልዞር። እትዬ አስቴር እዚያው ግቢ ውስጥ ናት፤ አላገባችም፣ አልወጣችም። በረንዳ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። «መኮንን? ምን እግር ጣለህ?» አለች፤ ደስ ብሏት በርጩማ አቀረበችልኝ። ሻይ ላፍላ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳትና ሳልጀምር እንዳልቀር ብዬ በአንዴ ነገርኳት። ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እናትሽን ዋሽቻለሁ፤ የመታው ሲሳይ ነው፤ ከመወሰዱ አንድ ሳምንት በፊት። እትዬ አስቴር ሰፌዱን አላስቀመጠችም። «አሰማኝ» አለች። ስልኬን ከፈትኩት፤ ዘፋኙ ጮኸ፣ ከበሮው ተንጫጫ። ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች፣ ሰማችና፣ «የታለ?» አለችኝ። ስልክ ቤዝ አያወጣም፤ ሆነ ብሎ እንደሚደብቅ ሰው ውስጡ ይይዘዋል። አፈርኩ። ሄድፎኑን ከነጠላዋ ላይ አጠለቅኩላት። 

ዓይኗን ጨፈነች። ያ የሚዘገይበት ቦታ ሲደርስ እኔ ባልሰማውም አወቅኩት፣ ትንፋሿን ያዘችና ለቀቀችው። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ አውልቃ ሰፌዱ ውስጥ፣ ምስሩ ላይ አስቀመጠችው።

«እሱ ነው» አለች።

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«ቆይ፣ ይቅርታው ይቆየኝ። እማዬ ከዚያ ቀን በኋላ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቃለህ? ይሄ ዘፈን በመጣ ቁጥር ተነስታ ሬዲዮኑን ታጠፋለች። ‹የልጄን እጅ የሚቀዳ ሰው አልሰማም፣ ያመኛል› ትላለች። ሱቁ ጋ ከተከፈተ መንገድ ትቀይራለች። ሠርግ ላይ ከተከፈተ ያቀረቡላትን ምግብ ትታ ትወጣለች። እኔም እሷ እንዳትሰማ እየሮጥኩ አጠፋላት ነበር። እስክትሞት ድረስ፣ ሃያ ምናምን ዓመት።» ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ምስሯን እያየች ነው የምትናገረው። «ልጇ ነበር እኮ መኮንን። በየቀኑ ቤታችን ይመጣ ነበር። በእጃችን እየዘጋንበት ነው የኖርነው።»

ልቅሶ መጣብኝ፤ በእሷ ፊት ማልቀስ ግን ሌላ ድፍረት መሰለኝና ዋጥኩት። ተነስቼ ልሰናበታት ስል፣ «ለእኔ ነገርከኝ፣ ደግ አደረግህ» አለችኝ። «እሷን ግን የካድካት ለብቻዋ አይደለም፣ በሰው ፊት ነው። ሰውም ያኔ ሐዘን አሳብዷት ነው ብሎ ነው ያወራባት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእድራችን ስብሰባ አለ፤ ያን ቀን ከቆሙት ውስጥ ጥቂቶቹ አሁንም አሉ። መጥተህ ቆመህ ትነግራቸዋለህ። እኔ አልናገርልህም፣ ያንተን አፍ ነው የምፈልገው።»

«እመጣለሁ» አልኳት። ከበሩ ስወጣ ምስሯን መልቀም ቀጥላ ነበር። ምህረትም ማታ ደውላ፣ ስሙን ከነአባቱ ነግሬያት ጽፋዋለች። እኔ ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ የመታሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ለብቻዬ እለማመዳለሁ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እወጣዋለሁ፣ ስነሳ ይጠፋብኛል። እሁድ ነገ ነው።